ልጆቹ በጭፍን አልመረጡም

ሰሞኑን በመምህራን ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። የሚያወራው ስለ ጎጃም ልጆች ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሰው ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ዘርፍ ሲመርጡ ምንም አያመዛዝኑም ይላል። ባጭሩ ሐሳቡ ይህ ነው። ተማሪው ጓደኛውን ተከትሎ ይመርጣል። ከቤቱ መራቅ ስለሚፈራ ደጁ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ይሞላል። ሒሳብና ፊዚክስ ሸሽቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይጎርፋል፤ ሴቶቹ ይብሳሉ። ገበሬ አገር ተወልዶ ግብርናን ይንቃል፤ የሚያየው ደመወዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫ የሚባለው ነገር ቀርቶ ሁሉም በውጤቱ ይመደብ።

ጸሐፊው ለትምህርት የሚቆረቆሩ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግኩትም ለዚህ ነው። እኔ በምሥራቅ ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ምርጫ የሚሞላበት ሰሞን ሲደርስ ከልጆቹ ጋር ነው የምውለው። አያስቡም የሚለውን ልቀበል አልችልም። ያስባሉ፣ ያሰላሉ። የሚያሰሉበት መረጃ ግን ጎደሎ ነው፤ የተከፈተላቸውም በር ጠባብ ነው። ጥፋቱን እዚያ እንፈልገው።

«ጓደኛቸውን ተከትለው ነው የሚመርጡት»

ይጠያየቃሉ፣ እውነት ነው። ታዲያ ማንን ይጠይቁ? አባቱ ፊደል ያልቆጠረ፣ እናቱ ከገበያ ከተማው ርቃ የማታውቅ ልጅ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ከፖሊ ግቢው በምን እንደሚለይ ማን ይንገረው? አምና የገባው የጎረቤት ልጅ ነው የሚነግረው። ዶርሙ እንዴት ነው? ከፍሬሽማን (ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት) በኋላ ሶፍትዌር የደረሰው ስንት ያመጣ ነው? የትኛው ዲፓርትመንት ነው ተመርቀው ቤት የተቀመጡት የበዙበት? ይህን የሚነግር ሌላ ሰው የለም።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ ከወሎና ከሸዋ ተነስቶ ቅኔ ሊቀኝ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ ሲመጣ የኖረው ማን ነግሮት ነው? የእኛውስ ልጅ ድጓ ሊማር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ዙር አባ፣ አቋቋም ሊማር ጎንደር የሚሄደው? ቀድሞ የሄደ ተማሪ ነግሮት ነው። የየኔታ ዝና የሚዞረው በተማሪ አፍ ነው። ተማሪው የትኛው ጉባኤ ምን እንደሚበረታበት ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ ዳዊቱን አንግቶ ይነሳል። ሊቃውንቱ የወጡት በዚህ መንገድ ነው።

እኔ የሚያሳስበኝ የሚጠየቀው ሰው ማነሱ ነው። ከአንድ ቀበሌ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ሦስቱም አካውንቲንግ ከሆኑ፣ አራተኛው የሚያውቀው አካውንቲንግን ብቻ ነው። ጂኦሎጂ ያጠና ሰው በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስታቲስቲክስ ተምሮ የት እንደሚሠራ አይገምትም። አትጠያየቁ ከምንላቸው የሚጠይቁትን ሰው እናብዛላቸው።

«ከቤታቸው መራቅ ይፈራሉ»

በጽሑፉ ውስጥ በጣም ያስከፋኝ ይህ ነው።

አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የገጠር ልጆች ናቸው። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ከተማ መጥተው፣ ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት ሲወጡ በእግራቸው ወደ ቤት ይነሳሉ። እሑድ ማታ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ተሸክመው ይመለሳሉ። ረቡዕ ላይ እንጀራው ይሻግታል። የሻገተውን በቢላ ፍቀው ያደርቁትና ድርቆሽ ያደርጉታል። ሐሙስና ዓርብ በቆሎ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ አንዷ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ሌሎቹ ያነባሉ። ገና በአሥራ አራት በአሥራ አምስት ዓመታቸው ቤት ማስተዳደር የጀመሩ ልጆች ናቸው። እነዚህን ነው «መራቅ ፈሩ» የምንለው?

ቅርቡን ሲመርጡ ወጪውን አስበው ነው። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግብና መኝታ ይሰጣል፤ በወጪ መጋራት ኋላ ይከፈላል። ግን ትራንስፖርቱ አለ። ብርድ ልብሱ፣ ሳሙናው፣ ፎቶ ኮፒው፣ ካርዱ አለ። አባት በግ ሸጦ ነው የሚልከው። ታናሽ እህት ደግሞ 9ኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ የእሷም የቤት ኪራይ አለ። የሞጣ ልጅ ደብረ ማርቆስን፣ የዳንግላ ልጅ እንጅባራን ቢያስቀድም ይህን ሁሉ ደምሮ ቀንሶ ነው። እናቶች ከሁሉ በፊት የሚጠይቁኝ «ስንቅ ይደርሳል ወይ?» ብለው ነው። ቀጥለው «እዚያ ዘመድ አለን?» ይላሉ። እኔ እነዚህን ጥያቄዎች አከብራለሁ።

ከዚያ መንገዱ አለ። ጸሐፊው ስለ መንገድ አንድ ቃል አላነሱም። በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን የአማራ ክልል ተማሪዎች እዚህ የረሳ ወላጅ የለም። በ2016 ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ገርበ ጉራቻ ለእኛ የሩቅ አገር ስም አይደለም። ከደጀን ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ልጄ በዚያ መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመላለስ ወይ ብሎ የሚጨነቅ አባት ፈሪ ሊባል አይገባም።

በክልላችንም ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያለውን ግጭት ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ይከርማል። በዚህ የተነሳ ሩቁን የሚመርጡም አሉ። «ቢያንስ ትምህርቱ አይቋረጥብኝም» ብላ ደቡብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ያስቀደመች ጎበዝ ልጅ አስተምሬአለሁ። እሷም ያው እንደሌሎቹ አስልታ ነው።

ደግሞስ ቅርብ ማለት አነስተኛ ማለት ነው ያለው ማነው? ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1955 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና ኋላ የመጣው የመምህራን አካዳሚ ነው። ሁለቱ በ1992 ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ በአገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ጥቂቶች አንዱ ነው። የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩቱን ፈልጎ ከሌላ ክልል የሚመጣ ተማሪ አለ። የእኛ ልጅ እሱን ሲመርጥ ስንፍና ሊባል ነው?

«ሒሳብ ሸሽተው ሶሻል ይገባሉ»

የ2014ን 12ኛ ክፍል ፈተና እንይ። ናቹራል የተፈተኑት ወደ 340 ሺህ፣ ሶሻል የተፈተኑት ወደ 557 ሺህ ነበሩ። ጸሐፊው ሶሻል በዝቷል ማለታቸው ልክ ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከናቹራል 6.8 በመቶ፣ ከሶሻል 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ሶሻል የማምለጫ መንገድ ቢሆን ኖሮ እዚያ የገባው ባመለጠ ነበር። ሒሳቡም ቢሆን ሶሻልም ይፈተነዋል።

ታዲያ ለምን ይበዛሉ? ትልቁ ምርጫ የሚደረገው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። 11ኛ ክፍል ሲገቡ፣ ናቹራል ወይ ሶሻል ሲሉ ነው በሩ የሚዘጋው። ሶሻል የገባ ልጅ ሕክምናንም ኢንጂነሪንግንም ያን ቀን ተሰናብቷል። ያን ምርጫ የሚመርጡት ደግሞ ባሳለፉት ሁለት ዓመት በተማሩት ፊዚክስና ኬሚስትሪ ላይ ተመስርተው ነው። እንዴት ተማሩት?

የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ስሙን ልተወው። የፊዚክስ መምህሩ በጥቅምት ተዛወረ። እስከ የካቲት ተተኪ አልመጣም። የባዮሎጂ መምህርቷ ደርባ ስታስተምር ከረመች። ቤተ ሙከራ አለ፤ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶቹ አቧራ ለብሰዋል፣ የወረቀት ስማቸው ተልጦ ምን ምን እንደሆኑ አይለዩም። ውኃ ወደ ቧንቧው አይመጣም። ልጆቹ ቲትሬሽን የሚባለውን የኬሚስትሪ ሙከራ የሚያውቁት መምህሩ በጠመኔ ከሳለው ቡሬት (የመለኪያ ቱቦ) ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ «ፊዚክስ ለእኔ አይሆንም» ቢል ሰነፍ ነው? ያለውን ነገር አይቶ ነው የተናገረው። ታሪክና ጂኦግራፊ ቢያንስ መምህር አላቸው፣ መጽሐፍ አላቸው።

ስለ ሴቶቹ የተጻፈው በተለይ አሳዝኖኛል። ቅዳሜና እሑድ ወንዱ ስንቅ ሊይዝ ይሄዳል። እሷ ስንቁን ልትጋግር ነው የምትሄደው፤ የራሷን ብቻ ሳይሆን የወንድሟንም። ውኃ ቀድታ፣ ጤፍ አስፈጭታ፣ ሊጥ አቡክታ፣ ጋግራ ትመለሳለች። የወንድሟ ደብተር ሲገለጥ የእሷ እንደተዘጋ ነው። እንዲያም ሆና የምትበልጠው ብዙ ናት።

ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም መምህራን ኮሌጅ ካለች ደግሞ የሚያስቸኩላት አለ። «ሽማግሌ ሳይመጣብኝ ደመወዝ ልያዝ» ያለችኝን አልረሳትም። ረጅሙ ትምህርት ለእሷ አደጋ አለው። ሳይጨርሱት የሚዳሩ አሉና። አጭሩን የመረጠችው ችሎታዋን ንቃ አይደለም። ራሷን የምታድንበትን መንገድ ነው የመረጠችው።

«ወላጅ ዶክተር ሁን ይላል»

ጸሐፊው ይህንን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያነሱት፣ እኔም ባጭሩ ልለፈው። ከተማ ውስጥ ይህ አለ። ገጠሩ ጋ ግን አብዛኛው ወላጅ «አንተ ታውቃለህ ልጄ» ነው የሚለው። ልጁን የሚከብደው እንዲያውም ይህ ነው። የሚመክረው አጥቶ ብቻውን ይወስናል።

«ደመወዝ ያያሉ፣ ግብርናን ይንቃሉ»

ደመወዝ ማየት ነውር ነው? ቤተሰቡ አንድ ልጅ ለማስተማር ሌላውን ከብት አስጠብቆ ከሆነ፣ የተማረው ልጅ ሌሎቹን የማንሳት ዕዳ አለበት። ይህን የሚያውቅ ልጅ ደመወዝ ባያስብ ነበር የሚያሳዝነኝ።

ግን ደመወዝ ብቻ ቢያዩ ኖሮ ሕክምናን ማንም አያስቀድምም ነበር። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ ሲያቆሙ ልጆቹ ዜናውን በየስልካቸው ተከታትለዋል። ተመርቆ ሥራ ያጣ ሐኪም እንዳለም ያውቃሉ። ዛሬም ክፍል ውስጥ እጃችሁን አውጡ ብል ሕክምና የሚሉት ይበዛሉ። ለምን? ጤና ጣቢያውን ስለሚያዩት ነው። እናቱ በወሊድ ስትጨነቅ ነርሷ ስትሮጥ አይቷል። ልጅ ያየውን ነው የሚመኘው።

ግብርናውስ? እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምጋራው ቁጭት አለ። ጎጃም ጤፍና በቆሎ እያመረተ፣ ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶ፣ መራዊ ላይ የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያለማ ታስቦ ተገንብቶ፣ ዕፅዋት ሳይንስ የመጨረሻው ምርጫ ሲሆን ያንገበግባል። ግን ንቀት ነው አልልም። ልጁ ግብርና ተምሮ የወጣ ሰው ሲባል የሚያውቀው የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ነው። እሱ ደግሞ ምን ሲሠራ ነው የሚታየው? የማዳበሪያ ዝርዝር ይዞ ሲሟገት፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ ሪፖርት ሲጽፍ። ሙያው ራሱ አይታይም። አባት ደግሞ «እኔ ከበሬ ኋላ እንደኖርኩ አትኑር» ብሎ ነው ትምህርት ቤት ያስገባው። በዚያ ላይ እኛ መጥተን ግብርና ተማር ስንለው፣ ወዳመለጠበት የመለስነው ይመስለዋል።

ይህን የሚቀይረው ስብከት አይደለም፣ ማሳየት ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ማንም ሳያስገድደው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ኑሮውን ለወጠ። ኋላ ዛፉ ላይ በሽታ ገባበት። ዛፉ ሲደርቅ ገበሬው የሚጠራው የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ነው። ይህን ለ10ኛ ክፍል ተማሪ የነገረው አለ? የእንጅባራ ልጅ አባቱ ማሳ ላይ የደረቀውን ዛፍ በየቀኑ ያያል። ያንን የሚያጠና ትምህርት እንዳለ ግን አያውቅም። ከተነገረው የሚመርጠው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

«በውጤት ብቻ ይመደቡ»

አሁንም እኮ ከዚህ ብዙ አልራቅንም። ተማሪው ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ የሚደርሰው ግን ውጤቱና ቦታው ሲፈቅድ ነው። በ2012 ፍሬሽማን ከተመለሰ ወዲህ ዲፓርትመንትም የሚለየው በጂፒኤ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የቀረችው የልጁ ፍላጎት ትንሽ ናት። ጸሐፊው እሷንም እንውሰድ ነው የሚሉት።

በኮታ መመደብን ደግሞ አይተነዋል። በ2001 አካባቢ 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ተባለ። መምህርና ቤተ ሙከራ ሳይሟላ ክፍሉ በኢንጂነሪንግ ተማሪ ሞላ። ያልፈለገውን ተምሮ የወጣ፣ በተማረው ሳይሠራ የቀረ ስንት ልጅ እንዳለ በየሰፈራችን መቁጠር እንችላለን። ፍላጎት የሌለበት ምደባ ውጤቱ ይህ ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በ2015 ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶ ያመጡት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 5.4 በመቶ ሆነ። በሁለቱም ዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ስለዚህ በ2016 ቁጥር ብንሄድ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስንጨቃጨቅ የምናወራው ከመቶ ስለ አምስት ልጅ ነው። የቀሩት ዘጠና አምስትም ይመርጣሉ። ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ልግባ? ቡሬ ወይ ደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ልመዝገብ? መምህራን ኮሌጅ ልወዳደር? የግል ኮሌጅ ልክፈል? ወይስ እንደገና ልፈተን?

የእነሱ ምርጫ ነው ምንም መረጃ የሌለበት። በ2015 ሐምሌ የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ አለፉ። ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህል ነበሩ። በሬ ሸጦ ለግል ኮሌጅ የሚከፍል አባት ይህን ሰምቶ ያውቃል? ጎበዝ የግል ኮሌጅ የለም እያልኩ አይደለም። ግን የትኛው ኮሌጅ ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ በየትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ያ አባት ገንዘቡን የት እንደሚያስቀምጥ ያውቅ ነበር። ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው። ምክሩ ወደ 10ኛ ክፍል ይውረድ፣ ናቹራልና ሶሻል ሳይለዩ በፊት። ከየወረዳው የወጡ ባለሙያዎች ለፋሲካ ወደ ቤታቸው ሲመጡ ትምህርት ቤቱ ግማሽ ቀን ይጋብዛቸው፤ ነርስም፣ ዌልደርም፣ ጂኦሎጂስትም። ልጆቹ ፖሊ ቴክኒኩን ገብተው ማሽኑ ሲሠራ ይዩ። ተቆልፎ የኖረ ቤተ ሙከራ ይከፈት።

ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። የሚቀጥለውን ጽሑፍ ስለ ዘጠና አምስቱ ቢጽፉልን፣ ከትምህርት ቤቶች መረጃ በማሰባሰቡ እኔ አብሬያቸው እሠራለሁ።